ድልድዩ ላይ የተሰቀለው ተስቦ

ኦረንቡርግ፣ ኦክቶበር 11 ቀን 1992

ይድረስ ለተከበሩ አክስቴ ለሳቭሪኒሶ፤

የአላህ ሰላምና እዝነት ከደጃፍዎ አይለይ። ጉልበትዎ እንዴት ነው? ዓይንዎስ? እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይድረሰውና ደህና ነኝ። የጡብ ፋብሪካው ምድጃ ስለማይጠፋ እጄን ብርድ አላገኘውም፤ ሆዴን ግን ብርድ ብርድ ይለኛል።

የአገራችን ልጆች በምሳ ሰዓት ሬዲዮ ከበን እንቀመጣለን። በዋና ከተማችን በዱሻንቤ ማን ማንን እንደገደለ ሲነገር አንዱ ይቆጣል፣ ሌላው ዝም ይላል። ዝም የሚለው ማን እንደሆነ ደግሞ ሁላችንም ልብ እንላለን። ትናንት ከአንድ ሳህን ሾርባ ስንጠጣ የነበርን ሰዎች፣ ዛሬ የየትኛው ሸለቆ ልጆች እንደሆንን መጠያየቅ ጀምረናል። እዚህ ሆኜ እንዲህ ከፈራሁ እናንተ እዚያ እንዴት ትሆኑ?

የጎረቤታችን የሰሎማት ልጅ፣ ኑሪዲን፣ ወሬው ተሰማ ወይ? ታጣቂዎቹ ከገበያ አፍሰው ከወሰዱት ወዲህ እናቱ እንዴት ሆነች? ባለፈው ደብዳቤዎ ስለ ላሟ፣ ስለ ጣራው፣ ስለ ድንቹ ጻፉልኝ፤ ስለሱ አንድ ቃል የለበትም።

ዋናው ጉዳዬ ሚስቴ ባርኖ ናት። አምስተኛ ወሯን ጨርሳለች። የመጀመሪያውን ልጃችንን እንዴት እንዳጣነው እርስዎ እዚያው ነበሩ፤ አይተዋል። ሐኪሟ «ሁለተኛው ቤት ውስጥ እንዳይሞከር፤ ያለ ቀዶ ጥገና እናትየውም አትተርፍም» ያለችውን አብረን ሰምተናል። ስለዚህ በረዶ ሳይጥል ወደ ወረዳው ከተማ ያውርዱልኝ።

እርስዎ ብልህ ነዎት። ሁለቱ ወንድማማቾች በአንድ የፖም ዛፍ ሲፈነካከቱ፣ ለየብቻ ጠርተው «ወንድምህ እኮ ዛፉን ትቼለታለሁ ብሏል፤ ሊነግርህ አፍሮ ነው» ያሏቸውን እስከ ዛሬ እዚህ አወራዋለሁ። በነጋታው ሁለቱም «ላንተ ይሁን፣ ላንተ ይሁን» እያሉ ሲለማመጡ መንደሩ ሳቀ። ውሸት ነበር፤ ግን አብረው ይበላሉ። ይህን ጭንቅላትዎን ለባርኖ ያውሉልኝ። «የወንድሜ ልጅ በግ አገባ» ማለትዎን ሰምቻለሁ። አልተቀየምኩም። በግም ብትሆን በጌን ይጠብቁልኝ።

በሾፌሩ በቃዩም እጅ ለሁለታችሁም ቦት ጫማ ልኬያለሁ።

የእርስዎው ፋይዛሊ


ሳርቼሽማ፣ ኖቬምበር 19 ቀን 1992

ለወንድሜ ልጅ ለፋይዛሊ፤

ሰላም ላንተ ይሁን። ዕድሜ ይስጥህ።

የመንደራችን ነገር ክፉ ሆኗል። ተስቦ ገብቷል። ድልድዩ ላይ ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ ማንም አይገባም፣ ማንም አይወጣም። ቃዩም ቦት ጫማዎቹን ድልድዩ ማዶ ጥሎ ሄደ፤ እዚያው ናቸው።

ባርኖ አለች። ኑሪዲን አልተሰማም።

እንዳትመጣ። ምንም ነገር አትላክ። እዚያ ያሉት የአገር ልጆች፣ በተለይ ከታችኛው ሸለቆ የመጡት፣ ወደ ቤታቸው ሲጽፉ ዘመዶቻቸው ሳርቼሽማን እንዳይረግጡ ይንገሩ። ሐዘንህን በሆድህ አትያዝ። ሰው ይወቅልህ፣ ሰው ያልቅስልህ።

አክስትህ ሳቭሪኒሶ


ኦረንቡርግ፣ ዲሴምበር 14 ቀን 1992

አክስቴ፤

ሰላም ካለ ሰላምታዬ ይድረስዎ።

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ወዲህ ሁለት ጊዜ ጻፍኩ፤ መልስ አላገኘሁም። «ባርኖ አለች» ይላሉ። አለች ማለት ምን ማለት ነው? ደህና ናት ብሎ መጻፍ ለምን አቃተዎት? «ሰው ያልቅስልህ» የሚለውን ቃል እየደጋገምኩ አነባለሁ። እንዲህ ብሎ የሚጽፍ መርዶ የያዘ ሰው ነው።

ቅዳሜ ዕለት ባቡር ጣቢያ ውስጥ ከታችኛው ሸለቆ የመጣ ሰው አገኘሁ። ሊጨብጠኝ እጁን ዘርግቶ ሳለ ከሳርቼሽማ መሆኔን ነገርኩት። እጁን መልሶ ኪሱ ከተተው።

«ሬሳውን በኖራ ነው የሚቀብሩት አሉ» አለኝ።

«ሴቶችም ሞተዋል?»

«ወንድሜ፣ ተስቦ ወንድ ሴት ይለያል እንዴ?»

እዚያው ሰው መሀል፣ ሻንጣ ተሸካሚዎች እየተራመዱኝ፣ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ማደሪያችን ውስጥ ቁርዓን ተቀራልኝ። የአገር ልጆች ሊያጽናኑኝ መጡ፤ ግን በሩ ላይ ቆመው ነው ያጽናኑኝ። ምግቤን ለብቻዬ ነው የምበላው።

እርስዎ እንዳትመጣ ብለዋል። እኔ ግን እመጣለሁ። አለቃዬ እስከ ጃንዋሪ መጨረሻ አልለቅህም አለኝ እንጂ እስካሁን መንገድ ላይ ነበርኩ። እስከዚያ፣ በአባቴ መቃብር ይሁንብዎት፣ እውነቱን ይጻፉልኝ። ሞታ ከሆነ ሞታለች ይበሉኝ። ከዚህ ፍርሃት ይሻለኛል።

ፋይዛሊ


ሳርቼሽማ፣ ጃንዋሪ 6 ቀን 1993

ለልጄ ለፋይዛሊ፤

አላህ ልብህን ያጽናልህ። ይህን ደብዳቤ ድንጋይ ላይ ጠቅልዬ ወንዙ ከሚጠብበት ላይ ለቃዩም ሚስት ወረወርኩላት። እህቷ ጋ ወደ ሩሲያ ስለምትሄድ በእጅህ ትሰጥሃለች። እስካሁን በድልድዩ በኩል የሄደውም የመጣውም ደብዳቤ ታጣቂዎቹ እጅ ላይ ተከፍቶ ይነበብ ነበር። አሁን እንደ ልቤ ልጽፍልህ እችላለሁ።

ተስቦ የለም። ማንም አልሞተም። ባርኖ ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ ሆዷ ገፍቷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኦክቶበር መጨረሻ የአናጺው ልጅ በእርግጥ ታማ ነበር። የጤና ረዳቱ መጣ፣ መድኃኒት ሰጣት፣ ድልድዩ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈ ሰሌዳ ሰቀለና ስትድን አውርዱት ብሎ ሄደ። ልጅቷ ዳነች። ሰሌዳው ሳይወርድ ታጣቂዎቹ ደረሱ። አዛዣቸው ሳንጊን ነው። ታስታውሰዋለህ፤ ድሮ የከብት ክትባት ሊሰጥ ይመጣ የነበረው፣ ወርቅ ጥርስ ያለው። ኑሪዲንን ከገበያ የወሰደው እሱ ነው። አሁን የቀሩትን ጎረምሶች ሊወስድ መጣ።

ድልድዩ ላይ ብቻዬን ወጣሁ። እጄንና ጉንጬን ኖራ ቀብቼ፣ አፌን በሻሽ ሸፍኜ ነበር።

«ልጆቻችሁን አምጡ» አለ።

«ውሰዳቸው» አልኩት። «ግን መጀመሪያ ገብተህ አግዘን። ሬሳ አንሺ አጣን። የተኙትንና የቆሙትን አንተው ለያቸው። ና፣ እጄን ያዝና አሻግረኝ፤ ጉልበቴ ከድቶኛል።»

እጄን ዘረጋሁለት። አትግባ ብለው ኖሮ ይገባ ነበር። ግባ ስለው ወደ ኋላ ሸሸ። ከእሱ ጋር የነበሩት ደግሞ ከእሱ ቀድመው ሸሹ። ያን ቀን መንደሩ ትከሻ ላይ ሊያወጣኝ ነበር። እኔም፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ኩራት ተሰማኝ።

አሁን የምነግርህን ስማኝ። ሳንጊን ሞኝ አይደለም፤ በሰሌዳ ብቻ አያምንም። ሩቅ አገር የሚያለቅስ ሰው ግን ያሳምናል። ከሳርቼሽማ የሆነ ሰው ኦረንቡርግ ላይ አልቅሶ፣ ወሬው በታችኛው ሸለቆ ዞሮ ጆሮው እንዲገባ ፈለግሁ። እንደዚያም ሆነ። እውነቱን ሹክ የምልበት መንገድ ብፈልግ አላጣም ነበር፤ ግን አንተ ከልጅነትህ ጀምሮ ውሸት ፊትህ ላይ አይቀመጥልህም። ስለዚህ አንተንም አታለልኩህ። እንባህን ተጠቀምኩበት።

የቀረው የከፋው ነው። ታጣቂዎቹ ድልድዩ ማዶ ኬላ ተከሉ፤ ከእኛ የሚወጣውን ሰው ሁሉ በጥይት እንመልሳለን አሉ። የዱቄት መኪና አይመጣም፤ የጤና ረዳቱም ቀረ። ከበስተላይ ያለውን መንገድ በረዶ ዘጋው። በሩን በሌላው ላይ ዘጋሁ ስል በራሳችን ላይ ዘጋሁት። ባርኖ የምትወልደው በሚመጣው ወር ነው።

ፈርቻለሁ ፋይዛሊ። ይህን ቃል ለማንም ጽፌ አላውቅም። ጠዋት ስነሳ ሴቶቹ ደጄ ላይ ቆመው ይጠብቁኛል፤ «ዛሬስ ምን አሰብሽ?» ይሉኛል። አንድ ነገር እንዳሰብኩ ሰው ፊቴን አስመስዬ አልፋቸዋለሁ። ምንም አላሰብኩም።

እንዳትመጣ። ኬላው ላይ ቢይዙህ ጠመንጃ ያሸክሙሃል።

አክስትህ


ኦረንቡርግ፣ ጃንዋሪ 25 ቀን 1993

ለአክስቴ ለሳቭሪኒሶ፤

ሰላም ይሁንልዎ። ደብዳቤውን ከቃዩም ሚስት እጅ ተቀብያለሁ፤ ይህንንም ስትመለስ በእሷው እጅ እልካለሁ።

ባርኖ በሕይወት መኖሯን ሳነብ ወረቀቱን ሳምኩት። ከዚያ የቀረውን አነበብኩ። ከመቶ ሰው ፊት ሚስቴን ቀብሬያለሁ እኮ። ከማላውቀው ሰው ጫማ ሥር ወድቄ ለቅሶ ተቀምጫለሁ። አንድ ቀን ሁለት ሳይሆን ወር ሙሉ በየማለዳው የሞተች ሚስት ይዤ ወደ ምድጃው ሄጃለሁ። ይህን ሁሉ ያደረጉኝ እርስዎ ነዎት፤ አውቀው፣ አስበው። ታጣቂ ቢያደርገኝ ባልገረመኝ።

ለጎረቤት ሲዋሹ ብልሃት ያልነው ነገር በራሴ ሲደርስ ሌላ ስም አለው።

አሁን የምጽፈውን ጽፌ አልሰርዝም። ሰሌዳውን ያውርዱት። ተስቦ የለም ይበሏቸውና ባርኖን ወደ ሐኪም ያሳልፉ። ጎረምሶቹን ከወሰዷቸው ይውሰዷቸው። የሌላ ሰው ልጅ ነው፤ አውቃለሁ። ስማቸውን አንድ በአንድ አውቃለሁ፤ ኳስ አብረን ተጫውተናል። ቢሆንም እንዲህ እላለሁ። እንዲህ የሚል ሰው መሆኔን ራሴም እስከ ዛሬ አላወቅሁም ነበር።

ይህ ደብዳቤ ሲደርስ ምናልባት ሁሉም ነገር አልቆ ይሆናል።

ፋይዛሊ


ሳርቼሽማ፣ ማርች 3 ቀን 1993

ለልጄ ለፋይዛሊ፤

አላህ ክፉ አያሰማህ፤ ዛሬ እኔም አላሰማህም። ከሁሉ በፊት ይህን አንብብ፦ ባርኖ በሕይወት አለች፤ ሴት ልጅ ወልዳልሃለች። ቁስሏ እየደረቀ ነው። አሁን ቁጭ በልና የቀረውን ስማ። ያንተ ደብዳቤ በቃዩም ሚስት በኩል የደረሰኝ ሁሉም ነገር ካለፈ በኋላ ነው፤ ይህንንም በእሷው በኩል እልከዋለሁ፤ መልስህም በዚያው ይምጣ። ስለ ጎረምሶቹ የጻፍከውን ለማንም አላነበብኩም።

በፌብሩዋሪ መጀመሪያ አንድ ጠዋት ባርኖ ዱቄት ስትነፋ ወንፊቱ ከእጇ ወደቀና ግድግዳውን ያዘች። ጎረምሶቹ በቃሬዛ እንሸከማት አሉ። ኬላው ላይ በሁለት እግሩ የቆመ ጎረምሳ ከታየ ደግሞ አበቃ። አህያ ላይ አስቀመጥኳትና ሁለታችን ብቻ ወጣን።

መንገዱን ሁሉ ውሸት ስፈልግ ነበር። ታማለች ብል ይመልሱናል። ጤነኛ ናት ብል ሰሌዳው ውሸት ነው ማለት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ቃል አጥቼ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ጭንቅላቴ ውስጥ ባልዲ ብጥል ድንጋይ ብቻ መታሁ። ድልድዩ መሀል ስንደርስ ጠባቂው ጠመንጃውን አቀባበለ።

«አሮጊት፣ አንድ እርምጃ እንዳትጨምሪ።»

አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም። ያቺ በግ ያልኳት ሚስትህ ከአህያው ላይ ሆና፦

«ሳንጊንን ጥራልኝ። ምጥ ይዞኛል» አለችው።

ይኸው ነው። ሌላ ነገር አልጨመረችም። ልጁ ግራ ገብቶት ሄዶ ጠራው።

ሳንጊን ወጣ። ጠባቂዎቹን እንጨት ልቀሙ ብሎ አራቃቸውና ቀረበኝ። አፉን አልሸፈነም፤ ተስቦውን እንደማይፈራ ያኔ ገባኝ።

«አክስት ሳቭሪኒሶ፣ ስንት ሰው ሞተባችሁ?»

«ብዙ።»

«የት ቀበራችኋቸው?»

«መቃብር ነዋ። ሌላ የት ይቀበራል?»

«ማዶ ጉብታው ላይ ወጥቼ መቃብራችሁን በመነጽር አይቼዋለሁ። የጥንቸል ኮቴ እንኳ የለበትም። የትኛው ሬሳ ነው በረዶው ሳይነካ የተቀበረው? የታመመችውን ላምሽን እንዳላሳርድብሽ የጎረቤትሽን ላም ያንቺ ናት ብለሽ ሁለት ጊዜ ያስከተብሽኝ ሴት አይደለሽም እንዴ? ያኔም አውቄ ነው የተውኩሽ።»

ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጥጥ እንደሚባለው ተፋጠጥን። ግን የእሱ ዓይን ጠመንጃ አለው።

«ካወቅህ መንደሩ ውስጥ ለምን አልገባህም?» አልኩት።

«ለበላዮቼ ሳርቼሽማን ተስቦ ፈጃት ብዬ የነገርኩት እኔ ነኝ። በዓይኔ አይቻለሁ ብዬ ባላረጋግጥላቸው እስካሁን ሐኪም ልከው ያስፈትሿችሁ ነበር። ለናንተ ብዬ አይደለም። ልጄ ፊርዳቭስ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። የሰው ልጅ ስትሰበስብ የራስህ የታለ እያሉኝ ነው። ወደ መንደርሽ አስገቢልኝ። ተስቦ ያለበት ቦታ ማንም አይፈልገውም።»

«ቢገኝስ?»

«እናንተንም ያቃጥላሉ፣ እኔንም።»

ከኋላዬ ባርኖ ቃሰተች።

«እምቢ ብልስ?»

አህያውን አየ። እሺ አልኩት። ማንንም ሳላማክር፣ በመንደሩ ሁሉ ነፍስ እሺ አልኩ።

በራሱ ጂፕ ወሰደን። ሆስፒታል ውስጥ ቀደዷት፤ ልጅቷ ሰማያዊ ሆና ወጣች፣ ከዚያ ጮኸች። ጠባቂዎቹንም ከተስቦ መንደር የመጡ ናቸውና ማንም እንዳይጠጋቸው ብሎ ዝም አሰኛቸው። ባርኖ ለመንገድ በቅታ ስንመለስ ፊርዳቭስ ከኋላ ወንበር ሥር ብርድ ልብስ ተደርቦበት ነበር። ረጅም ነው፣ አፉን አይከፍትም፣ እጁ የሴት እጅ ይመስላል።

መንደር ስንገባ ውሸቱ አፌ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር፤ የነርሷ ዘመድ ነው ልላቸው። ሰሎማት ከሰው መሀል ወጣችና ፊቴን አየችኝ።

«የማን ልጅ ነው?»

ልጇ የተወሰደባትን እናት በምን አፌ ልዋሻት? «የሳንጊን» አልኳት።

አናጺው «ወንዙ ውስጥ ክተቱት» አለ። ሰሎማት ልጁን ከእግር እስከ ራሱ ተመለከተችው።

«እኔ ቤት ይደር» አለች። «አባቱ ሊያየው መምጣቱ አይቀርም። በመጣ ቁጥር የኔ የት እንዳለ እጠይቀዋለሁ።»

አሁን እዚያ ነው ያለው። እኔ በሕይወት እንዳለ ልወቅ ብዬ በየጠዋቱ አጥሩ ጋ ሄጄ ሲያስል እሰማለሁ፤ እሰማና እመለሳለሁ።

ለልጅህ ስም አውጣላት። ባርኖ አንተን እየጠበቀች ነው።

አክስትህ


ኦረንቡርግ፣ ማርች 29 ቀን 1993

ለተከበሩ አክስቴ፤

የአላህ በረከት በእርስዎ፣ በባርኖና በልጄ ላይ ይሁን። ሙኒሳ በሏት። ለአገር ልጆች ሁሉ ከረሜላ አከፋፈልኩ። «ሚስትህ ሞታ አልነበር እንዴ?» ሲሉኝ «ተሳስተው ነው» አልኩ። አንዳንዱ ሳቀ፤ አንዳንዱ እስከ ዛሬ አይጨብጠኝም።

ባለፈው የጻፍኩትን ለማንም ባለማንበብዎ አመሰግናለሁ። አልጻፍኩም ማለት ግን አልችልም።

አሁን ደግሞ እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላ ነው። ፊርዳቭስን ወደ አባቱ ይመልሱት። ኑሪዲን ሞቶ ከሆነ ሰሎማት መስማቷ አይቀርም። በሰማች ቀን እዚያ ቤት ውስጥ ከነፍሰ ገዳዩ ልጅ ጋር ብቻዋን ናት። በዚያ ልጅ ላይ አንዲት ጭረት ብታርፍ ሳንጊን ከሳርቼሽማ ምን ያስተርፋል? ልጄ የምትተኛው ከእነሱ አጥር ማዶ ነው። እርስዎ ይህን ሳያስቡት አልቀሩም። አስበውት ዝም ያሉኝ መስሎኝ ነው ይበልጥ የፈራሁት።

ፋይዛሊ


ሳርቼሽማ፣ ሜይ 9 ቀን 1993

ለልጄ ለፋይዛሊ፤

ሰላምና ጤና ካንተ ጋር ይሁን። ሙኒሳ ጉንጯ ሞልቷል፤ ሳቅ ጀምራለች። ፖሞቹ አብበዋል።

አዎ፣ አስቤዋለሁ። ዝም ያልኩህ መላ ስላልነበረኝ ነው።

ሳንጊን በየዓርቡ ይመጣ ነበር። ሰሎማት ዳቦና ሻይ ታቀርብለታለች፤ ልጁን አጠገቡ ታስቀምጣለች። ከዚያ «ኑሪዲን የት ነው?» ትለዋለች። «እያፈላለግኩ ነው» ይላታል። በሚቀጥለው ዓርብም እንደዚያው። ሻዩን መጠጣት እያቃተው ሄደ። በኤፕሪል መጨረሻ ወደ ሰሎማት ቤት ከመግባቱ በፊት እኔ ደጅ ቆመ።

«ገና በመጀመሪያው ውጊያ ነው የሞተው» አለኝ። «እኔው ራሴ ቀብሬዋለሁ። አንቺ ንገሪያት። አንቺ አነጋገር ታውቂያለሽ፤ እንዳይከብዳት አድርገሽ ትነግሪያታለሽ።»

እምቢ ብለው ምን እንደሚያደርግ አላውቅም። እሺ ብለው ግን፣ ከሰሎማት ፊት ቆሜ ያንን ነገር በየትኛው ቃል ላለዝበው?

«ያን ያህል ብልህ አይደለሁም» አልኩት። «አንተ ወሰድከው፤ አንተው ንገራት።»

ሰሎማት ደጃፍ ላይ ጫማውን አወለቀ። ከዚያ ገባ። ወዲያው ወጣ። ጫማውን በቅጡ ሳያደርግ፣ ተረከዙን እየረገጠ፣ ልጁን እንኳ ዞር ብሎ ሳያይ ጂፑ ውስጥ ገብቶ ሄደ። ከሰሎማት ቤት ልቅሶ ጠበቅን። ምንም ድምፅ የለም። ሰው ሁሉ በየበሩ ቆሞ እርስ በርሱ ይተያያል፤ ሊገባ የደፈረ የለም። ባርኖ ልጅቷን አቅፋ ከጎኔ ቆማ ነበር።

ከዚያ ከሰሎማት ግቢ የመጥረቢያ ድምፅ ሰማን።

እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። አናጺው ቀድሞኝ በሩን በትከሻው ከፈተው። ሰሎማት ቀሚሷን ሰብስባ፣ ሻሿ ወድቆ፣ ግንድ ትፈልጣለች። ፊርዳቭስ እንባው በአገጩ እየወረደ የተፈለጠውን ከግድግዳው ጥግ ይደረድራል። እኛን ሲያይ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ምን ቆማችሁ ታያላችሁ?» አለችን ሰሎማት። «ነገ ለቅሶ ደራሽ ይመጣል፤ በምን ልቀቅልላቸው?» ወደ ልጁ ዞረች። «አጣመምከው፣ እንዲህ ከደረደርከው ይናዳል። ሰፊውን ከሥር።»

መጥረቢያውን አናጺው ተቀበላት። ያኔ ነው የተቀመጠችውና ያለቀሰችው። ልጁን ማንም አልነካውም።

ከዚያ ወዲህ ሳንጊን አልታየም፤ ወደ ሌላ ሸለቆ አዛወሩት አሉ። ኬላው ተነሥቷል። ጎረምሶቹ ሰሌዳውን ነቅለው ወንዝ ጣሉት። ፊርዳቭስ ግን አሁንም ሰሎማት ቤት ነው፤ ሂድ አላለችውም፣ እሱም ልሂድ አላለም። የሚመጣውን አላህ ያውቃል። በመኪና ድምፅ ሁላችንም አሁንም እንደነግጣለን።

መንገዱ ተከፍቷል፤ ና። የጻፍኩትን ሁሉ እመነኝ የማለት መብት እንደሌለኝ አውቃለሁ። ስለዚህ ከሥር ባርኖ ትጻፍልህ።

አክስትህ ሳቭሪኒሶ


ፋይዛሊ፣ አክስትህ የጻፈችው ሁሉ እውነት ነው። አንድ ነገር ግን ትታለች። ያን ቀን ድልድዩ ላይ ሳንጊን እስኪወጣ ድረስ ትንቀጠቀጥ ስለነበር ልትወድቅ ነበር። ከአህያው ላይ ሆኜ በአንገት ልብሷ የያዝኳት እኔ ነኝ። እንዳልነግርህ አስምላኛለች። ና።

ባርኖ